ሙያ በልብ፣ ወረቀት በኪስ

ባለፈው ሳምንት ጎንደር፣ ማራኪ ግቢ አካባቢ አንድ ኮፒ ቤት ገብቼ ወረፋ ያዝኩ። ከፊቴ የቆመችው ልጅ ሰማያዊ ክላሰር ይዛለች። ወረቀቶቿን አንድ በአንድ እያወጣች ለባለ ኮፒው ትሰጠዋለች። የ12ኛ ክፍል ውጤት። የቴክኒክና ሙያ ትራንስክሪፕት። የሆቴል መስተንግዶ ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫዋ ማለት ነው። በከለር የታተመ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች የኦንላይን ሥልጠና ሰርተፍኬት። ፋይዳ መታወቂያ። ከሁሉም ስድስት ስድስት ኮፒ። ሲኦሲዋ ላይ ስትደርስ «ይቺን ላሚኔት አድርግልኝ» አለችው። ልጁ ቀና ብሎ አያት። «እህት ዓለም፣ ኦርጅናሉ ላሚኔት ከሆነ ማኅተም አያርፍበትም። ይቅርብሽ።» ትንሽ አሰበችና መልሳ ክላሰሩ ውስጥ ከተተችው።

ስድስት ኮፒ ማለት ስድስት ቦታ ልታስገባ ነው። ወረቀቶቿ ስለ እሷ ብዙ ይናገራሉ። ተምራለች፣ ተፈትናለች፣ አልፋለች። ጠዋት 12 ሰዓት ካፌ ክፈቺ ብትባል ትደርስ እንደሆነ ግን ከአምስቱ አንዱም አይናገርም። ደንበኛ ሲቆጣባት ምን ትላለች? ሒሳብ ቢጎድልባት ትደብቃለች ወይስ ቀድማ ትናገራለች? ቀጣሪው ማወቅ የሚፈልገው እሱን ነው።

ወረፋው ረጅም ስለነበር ወሬ ጀመርን። ሥራ ሠርታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ጥምቀት ላይ ሆቴል ሁለት ሳምንት ሠርቻለሁ» አለች። «ወረቀት ሰጡሽ?» አልኳት። ሳቀች። «ለሁለት ሳምንት ምን ወረቀት አለው?»

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሳቅ ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ስለ ሲኦሲ። «የሙያ ብቃት ምዘና» የሚለውን መደበኛ ስሙን ከቢሮ ውጭ የሚጠራው የለም፤ ለሁላችንም ሲኦሲ ነው። ሐሳቡ ሥር የያዘው በ2000 ዓ.ም. ከወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ጋር ነው። ጀርመኖች በገንዘብም በባለሙያም የደገፉት ለውጥ ነበር። ከዚያ በፊት የምስክር ወረቀት የሚናገረው የት እንደተቀመጥክና ስንት ዓመት እንደተቀመጥክ ነው። አዲሱ አሠራር ጥያቄውን ገለበጠው፤ የት ተማርክ ሳይሆን ምን መሥራት ትችላለህ አለ። ለየሙያው ደረጃ ወጣለት፣ ከ1 እስከ 5። በየደረጃው መቻል ያለበት ተግባር ተዘረዘረ። ተመዛኙ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ይወስዳል። ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። «ወደቅህ» አይባልም። ይቺን ጨዋነት እወዳታለሁ፣ ምንም እንኳ ልጆቹ ወጥተው «ሲኦሲ ወደቅኩ» ማለታቸው ባይቀርም።

ሐሳቡ ሌላም መልካም ነገር አለው። ክፍል ገብቶ ያልተማረ ሰውም መመዘን ይችላል። አዘዞ ጋራዥ ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ሞተር ሲፈታ ያደገ ሰው ችሎታውን አሳይቶ ወረቀት ይይዛል። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ ሲኦሲ የመጣው በልብ ያለውን ሙያ ሌላ ሰው እንዲያየው ለማድረግ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የለውም።

ችግሩ የሚጀምረው ከምዘና ጣቢያው ሲወጣ ነው።

የማውቀው ልጅ አለ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ ደረጃ 3 ጨርሶ ሲኦሲውን በመጀመሪያው ሙከራ ያለፈ። የተግባር ፈተናው ጣውላ ላይ ነበር። አንድ አምፖል፣ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያ፣ አንድ ሶኬት፣ አንድ ብሬከር። ሽቦው አዲስ፣ ቀለሙ የተለየ፣ ብሎኑ ያልዛገ። በተሰጠው ጊዜ ውስጥ አበራው። ብቁ ተባለ፣ እውነትም ነበር።

የመጀመሪያ ሥራው ፒያሳ ነበር፣ ጣሊያን ከሠራቸው አሮጌ ፎቆች በአንዱ ላይ ያለ ትንሽ ማረፊያ ቤት። ሻወር በተከፈተ ቁጥር ብሬከሩ ይወርዳል። ክዳኑን ሲፈታው ሽቦዎቹ ሁሉ አንድ ቀለም ናቸው፤ የአቧራ ቀለም። የትኛው ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው የለም። ባለቤቱ ከመሰላሉ ሥር ቆመው በየ10 ደቂቃው «ጨረስክ?» ይሉታል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ታገለ። በመጨረሻ 16 አምፔሩን ብሬከር አውጥቶ 32 አስገባ። ሻወሩ ተከፈተ፣ ብሬከሩ አልወረደም። ባለቤቱ መረቁት፣ ከፈሉት።

ኤሌክትሪክ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ራሱን ይይዛል። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ቀጭን ሽቦ ላይ ትልቅ ብሬከር ማስገባት ማለት ዘበኛውን አስተኝቶ በሩን ክፍት መተው ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የሚወርደው ብሬከሩ ሳይሆን የሚቃጠለው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ደግነቱ ማታውኑ ለአንድ አንጋፋ ባለሙያ ሲያወራለት ሰውዬው ደነገጠ። ጠዋት አብረው ሄደው አወጡት። ሻወሩ ከማከፋፈያው ሳጥን ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም ሽቦ ነበር የሚያስፈልገው።

ልጁ ይህን አያውቅም ነበር? በደንብ ያውቃል። ፈተና ላይ ቢመጣለት ዐይኑን ጨፍኖ ይመልሰዋል። ያጣው ዕውቀት አይደለም። «ጋሼ፣ ይሄ ዛሬ አያልቅም። አዲስ መስመር ይፈልጋል፣ ገንዘብም ይወጣል» ብሎ መናገር አቃተው። የ20 ዓመት ልጅ ነው። ከሥሩ የቆሙት አባቱ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ይሉኝታ ያዘው።

ይሉኝታ እኛ ዘንድ የአስተዳደግ ምልክት ነው፣ ክፉ ነገር አይደለም። መሰላል ላይ ግን ያቃጥላል። ለታላቅ ሰው በአክብሮት «አይሆንም» ማለት፣ ያላወቁትን «አላወቅኩም» ማለት፣ የሰበሩትን «ሰበርኩ» ማለት እንደማንኛውም ሙያ የሚለመድ ነገር ነው። ለሥራ ዝግጁ መሆን ስንል ግማሹ ይሄ ነው። ጣውላ ላይ ደግሞ አይፈተንም፤ ጣውላው አይቆጣማ።

አሁን ወደ ቀጣሪው ልሻገር። ፒያሳ አካባቢ ሆቴል የሚያስተዳድር ወዳጅ አለኝ። ለሁለት አስተናጋጅና ለአንድ ካሸር ማስታወቂያ አውጥቶ አርባ ምናምን ፋይል ደርሶት ነበር። ሲለይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያየው የፋይሉን ውስጥ አይደለም። ሽፋኑ ላይ በእርሳስ የተጻፈውን ነው፤ ማን በኩል እንደመጣ። «ይቺ የሒሳብ ሹሟ ዘመድ ናት። ይሄ የሰፈራችን ልጅ ነው። ይሄን አላውቀውም።» ቀጥሎ ተያዥ የሚሆን ሰው አለው ወይ ብሎ አየ። ሲኦሲውን ግን አልገለጠም። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ሲኦሲውማ ሁሉም አላቸው» አለኝ።

ይህን ሰው «ዘመድ ቀጣሪ» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። እኔም ወቅሼዋለሁ፣ ቡና እየጋበዘኝ። ግን ንግግሩ ውስጥ ያለው ነገር ተራ ስንፍና አይደለም። ኢኮኖሚስቱ ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ያብራራው፣ በ2001ም ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ኖቤል የተሸለመበት ሐሳብ ነው። ወረቀት ቀጣሪን የሚረዳው የሚችለውን ከማይችለው ሲለይለት ነው። ሁሉም የያዘው ወረቀት ማንንም አይለይም። ባይዙት ያስቀራል፣ ቢይዙት አያስገባም። እንደ መታወቂያ ይሆናል።

በዚህ ላይ ፎርጅድ አለ። ፎርጅድ የሚለውን ቃል የማያውቅ ቀጣሪ ጎንደር ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙም። አንድ የሐሰት ወረቀት ያጋጠመው ሰው መቶውን እውነተኛ ይጠራጠራል። ወረቀቱ ሲጠረጠር ደግሞ ቀጣሪው ወደሚያምነው ነገር ይመለሳል፣ ወደ ሰው። ዘመድ የሚፈለገው ስለሚወደድ ብቻ አይደለም። ነገር ቢበላሽ የሚጠየቅ ሰው ስላለ ነው። ተያዥም እንደዚያው። «ሁለት ዓመት ልምድ ያለው» የሚለው የማስታወቂያ ቋንቋም ከዚህ የተለየ አይደለም። አስተናጋጅነት ሁለት ዓመት ይፈልጋል ብሎ የሚያምን ባለሆቴል የለም። «ሌላ ሰው ይሞክርልኝ፣ ቢያባርረው እሱ ያባርረው» ማለቱ ነው። ሌላውም እንደዚሁ ይላል። ዜሮ ዓመት ያለው ልጅ መሀል ላይ ይቀራል።

ታዲያ ወረቀት ከንቱ ነው? አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒውን የሚያሳይ ማስረጃ እዚሁ አገራችን ውስጥ አለ። አዲስ አበባ ላይ ተመራማሪዎች ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን በዕጣ ለይተው አንድ ነገር ሞከሩ። ለተወሰኑት ሲቪና ማመልከቻ አጻጻፍ፣ የቃለ መጠይቅ አቀራረብ አሳዩዋቸው፤ ከዚያ ፈተኗቸው። ፈተናው የሙያ ሳይሆን የማሰብ፣ የቋንቋና የሒሳብ ችሎታ ነበር፣ አንድ የተግባር ሥራም ነበረው። ውጤቱም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሜርስ ስም በምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታዩ የእነዚህ ልጆች ገቢ ዕድሉን ካላገኙት በ20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ለሌላ ቡድን ደግሞ ሥራ መፈለጊያ የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጥቷቸው ነበር። እሱ ለጊዜው ጠቀመ፣ ኋላ ግን ጠፋ።

ጆሃንስበርግ ላይም ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጓል። እዚያ የተፈተኑት ወጣቶች ለቀጣሪ የሚያሳዩት ወረቀት ሲሰጣቸው ሥራ የማግኘት ዕድላቸው በ17 በመቶ፣ ገቢያቸው በ34 በመቶ ጨመረ። ልብ በሉ፣ ማንም ተጨማሪ ሥልጠና አልሰጣቸውም። ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው። የተለወጠው ስለ እነሱ የሚታወቀው ነገር ነው።

እነዚህ ወረቀቶች ከሲኦሲ በምን ይለያሉ? ማኅተማቸው አይደለም ልዩነቱ። ውጤት ይናገራሉ። በየትኛው ችሎታ ጠንካራ፣ በየትኛው መካከለኛ እንደሆነ ያሳያሉ። አሜሪካኖችም «ለሥራ ዝግጁ» የሚል የምስክር ወረቀት አላቸው። የሥራ ቦታ ሒሳብ፣ ሰንጠረዥና ሥዕላዊ መረጃ ማንበብ፣ የሥራ ሰነድ ማንበብ ይፈትኑና ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲኒየም ብለው ይለያሉ። የእኛው «ብቁ» ግን አንድ ቃል ነው። ለጥቂት ያለፈውም፣ መዛኙን ያስደነቀውም እኩል «ብቁ» ናቸው። ወዳጄ ፋይሉን ያልገለጠው ገልጦም ከአንድ ቃል ሌላ ስለማያገኝ ነው።

ሌላው ልዩነት የመስካሪው ነው። እዚህ ላይ ጎንደሬ ከጀርመን ቀድሞ የሚያውቀው ነገር አለ፣ ትንሽ ልቆይበት።

የአብነት ተማሪ ድጓን፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ፣ የትም ሊማር ይችላል። ለመምህርነት ሊመሰከርለት ሲፈልግ ግን ደቡብ ጎንደር ወዳለችው ቤተልሔም ይሄዳል። ዝማሬ መዋሥዕት የሚባለው ዜማ ከሆነ ዙር አባ። አቋቋም፣ የማኅሌቱ ሥርዓት፣ ከሆነ እዚሁ ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን። «አስመሰከረ» ይባላል። በቃሉ ውስጥ ወረቀት የለም፣ ምስክር ነው ያለው። ምስክሩ ደግሞ ሰው ነው። መምህሩ ተማሪውን በጆሮው ሰምቶታል፣ ሲሳሳት አርሞታል፣ ቁራሽ ለምኖ ሲመጣ፣ ሲታመም፣ ሲቆጣ አይቶታል። ልጁ ወጥቶ ሌላ ደብር ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ተማርክ?» አይደለም። «የማን ተማሪ ነህ?» ነው። ልጁ ማኅሌት ላይ ቢሰናከል የሚታማው መምህሩም ጭምር ነው። ስለዚህ መምህሩ ላልበሰለ አይመሰክርም። ስሙን አስይዟል።

ሦስት ነገር እዚህ አለ። የሚመሰክረው ሰው አይቷል፣ ተቀባዩ ያውቀዋል፣ ቢዋሽ ይከስራል። ሲኦሲ በዚህ ሚዛን ሲታይ መዛኙ ተመዛኙን ያየው ለሰዓታት ነው። ቀጣሪው መዛኙ ማን እንደሆነ አያውቅም። መዛኙም «ብቁ» ያለው ልጅ ሥራ ላይ ቢሰናከል የሚሰማው ነገር የለም። ጀርመኖች ይህን ክፍተት የዘጉት በምክር ቤቶቻቸው ነው። የለማጁን የመጨረሻ ፈተና የሚያካሂደው የንግድ ወይም የዕደ ጥበብ ምክር ቤቱ ነው። በፈታኝ ኮሚቴው ውስጥ አሠሪዎች፣ ሠራተኞችና የሙያ መምህራን ይቀመጣሉ። ቀጣሪው ወረቀቱን የሚያምነው የእሱው ሰዎች ስለፈተኑ ነው። እኛ ፈተናውን ስናመጣ ባለሆቴሉንና ባለጋራዡን ከፈታኝነት ወንበሩ ላይ አጥብቀን አላስቀመጥናቸውም።

በነገራችን ላይ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሆኗል። በመጀመሪያው ዙር ያለፈው ከተፈታኙ 40 በመቶ ገደማ ነው። ማጥራቱን ያጠራል። የሚያጠራው ግን ዕውቀትን ነው። የኤሌክትሪክ ልጃችንን ችግር የሲቪል ምሕንድስና ተመራቂም ይዞት ሊወጣ ይችላል።

ቴክኒክና ሙያ ሌላም ሸክም አለበት፤ ስሙ ራሱ። የ12ኛ ክፍል ፈተናን 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ያለፈው በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበር። ከቀረው ብዙው የት ይሂድ? ቴክኒክና ሙያ። ስለዚህ ቀጣሪውም ወላጁም ሲኦሲን ሲያይ ከበስተጀርባው «ያላለፈ» የሚል የማይታይ ጽሑፍ ያነባል። «ባለእጅ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ስንጠቀም ባደግንበት ከተማ፣ ያውም ፋሲል ግንብ ሥር ተቀምጠን፣ ይህ አያስገርምም። ያሳፍራል እንጂ።

ሲኦሲ በእርግጥ ዋጋ ያለው አንድ ቦታ አለ፣ ዓረብ አገር መሄጃ ላይ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923 ለሚሄድ ሠራተኛ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ግዴታ አደረገ። ያለ እሱ አይኬድም። እዚያ ወረቀቱ በር ስለሚከፍት ይፈለጋል፤ በመፈለጉም ደላላ ይከበዋል። በርን መክፈቱና ሴቲቱን ቤይሩት ኩሽና ውስጥ ለሚጠብቃት ነገር ማዘጋጀቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ ሌላ ፈተና ይጨመር አልልም። የልጅቷ ክላሰር ሞልቷል። ስድስተኛ ወረቀት ቢገባበት ወፍራም ክላሰር ነው የሚሆነው።

ጎንደር ውስጥ ጀማሪ ሠራተኛ በጭንቅ የሚፈተንበት ቦታ አለ፣ ማንም ፈተና ብሎ አይጠራውም እንጂ። ከጥር መግቢያ እስከ ጥምቀት ማግሥት ያለው ጊዜ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ የውጭ ቱሪስት ቢሳሳም ለጥምቀት ከተማው አሁንም ይሞላል። ሆቴሉም፣ ካፌውም፣ ፔንሲዮኑም ለሁለት ሳምንት ልጆች ይቀጥራል። አንዲት አስተናጋጅ በከተራ ዕለት አሥር ጠረጴዛ ትይዛለች። ውሃ ይጠፋል፣ መብራት ይሄዳል፣ ኩሽናው ይዘገያል፣ እንግዳው ይጮኻል። ማን ፈገግ ብላ ጠረጴዛ እንደመለሰች፣ ማን ጓሮ ገብታ እንዳለቀሰች፣ ማን ቲኬት እንዳጠፋች አለቃዋ በዐይኑ አይቷል። የትኛውም የምዘና ጣቢያ ይህን ሊሠራው አይችልም። በጥር 13 ሒሳባቸውን ተቀብለው ይበተናሉ። የታየው ሁሉ አለቃው ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል።

ሕጉ ደግሞ እንዲቀር አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሥራው ሲቋረጥ፣ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ በማናቸውም ጊዜ፣ በነጻ የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያስገድዳል። የሥራው ዓይነት፣ የቆየበት ጊዜና ደመወዙ ይጻፍበታል። ለሙያ ለማጅም ልምምዱ ሲያበቃ እንዲሁ። የኮፒ ቤቷን ልጅ ያሳቃት ነገር መብቷ ነው ማለት ነው። ይኸው አዋጅ የሙከራ ጊዜንም 60 የሥራ ቀን አድርጎታል። ብዙ ሰው አሁንም «45 ቀን» የሚለው ከድሮው አዋጅ 377 ለምዶት ነው። 60 የሥራ ቀን ማለት ከሁለት ወር በላይ አንድን ሰው በየቀኑ ማየት ነው። ከዚህ የተሻለ ምዘና ከየት ይመጣል? ልጁ ባይቀጥል እንኳ ያ ሁሉ የታየ ነገር ለሚቀጥለው ቀጣሪ በግማሽ ገጽ ሊተላለፍ ይችል ነበር።

በእርግጥ ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛውን ነው። «አስተናጋጅ፣ ሁለት ሳምንት፣ ይህን ያህል ብር» ብቻ ከሆነ ያው እንደ «ብቁ» አንድ ቃል ነው። ነፍስ የሚኖረው ያዩትን ሲጽፉበት ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የትብብር ሥልጠና የሚሉት፣ ልጆቹ ደግሞ «አፓረንት» የሚሉት ነገርም ለዚህ የተመቸ ነው። በአሠራሩ ከሥልጠናው 70 በመቶው ድርጅት ውስጥ መሆን ነበረበት። ድርጅቱም የልጁን ሥራ ተከታትሎ ይሞላል፣ ይፈርማል። በተግባር ግን ቅጹ በመጨረሻው ቀን ተሰብስቦ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ ሁሉም ላይ «በጣም ጥሩ» ተብሎ ሲሞላ ያላየ መምህር ካለ እጁን ያውጣ። ሁሉም በጣም ጥሩ ከሆነ እንደገና ማንም አልተለየም። ቅጹን ወደ አምስት ተራ ጥያቄ ማሳጠር ይቻላል። ስንት ቀን ቀረ? ምን ብቻውን ይሠራል? ምን ሰው ቆሞለት ይሠራል? ሲሳሳት ምን አደረገ? መልሰህ ትቀጥረዋለህ? ከሥሩ የፈረመው ሰው ስምና ስልክ። አምስተኛዋ ጥያቄ ብቻዋን የአንድ ገጽ ያህል ትናገራለች።

ይህን ለሆቴሉ ወዳጄ ስነግረው ሁለት ተቃውሞ አነሳ። አንደኛው «ጥሩ ናት ብዬ ከጻፍኩላት ጎረቤት ሆቴል ትወስድብኛለች» የሚል ነው። ልክ ነው፣ ትሄድ ይሆናል። ግን የእሱ ፋይል ውስጥም የጎረቤት ልጅ ትመጣለች። ሁለተኛው ይከብዳል። «መጥፎ ነበረች ብዬ እንዴት እጽፋለሁ? የሰው ልጅ እንጀራ ነው» አለኝ። እዚህም ይሉኝታ አለች፣ አሁን ደግሞ ከላይ ወደ ታች። እኔ መጥፎ ጻፍ አላልኩም። ያየኸውን ብቻ ጻፍ፣ ያላየኸውን ተው። ገንዘብ ካልያዘች ስለ ገንዘብ አትመስክር። ቀጣሪ የሆነ ሰው የተተወውንም ያነባል።

እውነቱን ለመናገር ደብዳቤም ይፎረጃል። ወዳጁ ለወዳጁ ልጅ ያላየውን ሊጽፍ ይችላል። ነገር ግን ጎንደር አዲስ አበባ አይደለችም። ከአዘዞ እስከ ቀበሌ 18 ያለ ባለሆቴል እርስ በርሱ ይተዋወቃል፣ ለቅሶ ላይ ይገናኛል። ስልክ የተጻፈበት ደብዳቤ በሁለት ደቂቃ ይጣራል። የዋሸ ሰው ስሙ ቅዳሜ ገበያ ሳይደርስ ይበላሻል። ንግድ ምክር ቤቱ ደግሞ ቅጹን አንድ ዓይነት ቢያደርገውና የፈራሚዎችን ስም ቢይዝ፣ በአታ ላይ ያለው ነገር ጥላው ሆቴል ቤት ውስጥ ይታያል። ብዙ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ወዳጄ ያን ቀን ፋይሎቹን ሲጨርስ ከመሀል አንዱ ትንሽ አቆየው። በእርሳስ የተጻፈ ስም ሽፋኑ ላይ የለም፤ በማንም በኩል አልመጣችም። ከሲኦሲው ኋላ ከደብተር የተቀደደ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተያይዟል። አዘዞ ካለ አንድ ካፌ ነው። አራት ወር እንደሠራች፣ ጠዋት እሷ እንደምትከፍት፣ አንድ ቀን 200 ብር ጎድሎባት ሳትጠየቅ ራሷ እንደተናገረች፣ ትኩስ ነገር ላይ ገና ዝግ እንደምትል፣ የሄደችውም እናቷ ታመው እንደሆነ ይላል። ፊደሉ ተጣሟል። ማኅተም የለውም። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ።

ሁለቴ አነበበው። መነጽሩን አወለቀና ስልኩን አነሳ። «ሄሎ፣ እትዬ፣ ይቅርታ፣ ስለ አንዲት ልጅ ልጠይቅዎ ነበር...»